ቤዝ አባዬ

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ቀን ፀሐይ አለ፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት የድንቹ ቅጠል እሳት የለበለበው ይመስላል። ጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ስለ አየሩ ይህን ካለ በቂ ነው።

ስለ ጆሮ ግን ትንሽ ልበል። እኔ ወሬ አላበዛም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቼ አደግሁ። እኛ ዘንድ ብርዱ ስለሚጠና ዝንቡም እምብዛም የለም፤ እኔ ግን አፌን እንደዘጋሁ ቀረሁ። ባለቤቴ እናትነሽ፣ "ካገባኸኝ ጀምሮ የተናገርኸው ሁሉ ቢሰፈር አንድ ቁና አይሞላም" ትለኛለች። ታዲያ ሰው ጥሩ አዳማጭ ያደርገኛል። ዕድር ላይ ዝም ካልሁ "እሱ እያመዛዘነ ነው" ይባላል። እናንተም ዝም ያለ ሽማግሌ ስታዩ እንዲሁ ሳይመስላችሁ አይቀርም። አንዳንዴ እኮ ዝም የምለው ስላልሰማሁ ነው።

ደግሞስ ሰው መቼ የተነገረውን ይሰማል? የሚሰማው ቀድሞ የሚያውቀውን ነው። በግ ሻጭ መንገድ ዳር ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ካየ በበጉ ዋጋ የሚማከሩበት ይመስለዋል። እኔም የምሰማው የማውቀውን ነው፤ የማውቀው ደግሞ ጥቂት ነው። አራተኛ ክፍል ስደርስ ከብቶቹ አሸነፉኝ።

ልጄ ይበልጣል ደብረ ታቦር ከተማ ከብት ያክማል። ተምሮ፣ ደመወዝተኛ ሆኖ፣ ከከተማው ዳር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከብት ሐኪም መሆኑ ተራራው ላይ እስኪወራ ዘመን ፈጀ፤ ሙዚቃ ይመታል የሚለው ግን በአንድ የገበያ ቀን ወጥቶ አደረ። እኛ እንዲህ ነን። አዝማሪ ሰርጋችንን ሲያሞቅልን እንስቃለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፣ ወዳጃችን ነው እንላለን። ልጃችንን ለጋብቻ ሲጠይቀን ግን የት እንደምናውቀው ይጠፋናል።

ክፋቱ ይበልጣልም ልጅ የሚጠይቅበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ያሰባት ስንታየሁ የምትባል አስተማሪ ናት፤ የአንበሳሜው የመሪጌታ ላቀ ልጅ። መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፤ ዝም ብለው ያዩታል፤ የተቆጡት ይሻላል ይባላል። ሽማግሌ ብንልክባቸው፣ "እናስብበት" ብለው መለሱልን። እናስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል።

በዚህ መካከል ይበልጣል ስልክ ደወለ። እኛ ዘንድ ስልክ የሚያዘው ከቤቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከደወለው ሰው ይልቅ ነፋሱ ይናገራል።

"ደኅና ነኝ፤ ብቻ ወፍራሙ ክር ተበጥሶብኝ ሥራ ፈታሁ" አለኝ። "ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም የለ፤ ከአዲስ አበባ ካልመጣ።"

"የምን ክር?"

"የምመታው ነገር ክር ነዋ!"

"ምንድን ነው የምትመታው?" ይህን ለመጠየቅ ዓመት ሳልፈጅ አልቀረሁም።

"ቤዝ አባዬ!" አለ ጮኾ። "ቤዝ አባዬ!"

እስቲ እናንተም ቋጥኝ ላይ ቁሙና፣ ጆሯችሁን በጋቢ ሸፍናችሁ፣ ቶሎ ቶሎ በሉት። ቤዝ አባዬ። ቤዛባዬ። እኔ የሰማሁት ቤዛ ነው።

ቤዛ ደግሞ የማውቀው ቃል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ሌላው የቆመ፣ ራሱን ለሌላው የሰጠ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራ መሣሪያ የበገና ወንድም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ክሩም ወፍራም ነው ብሏል። አገሩ ሁሉ ልጄን አዝማሪ ሲያደርገው እሱ ለካ ከመንፈሳዊው ወገን ኖሯል! ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ጋቢዬን ፈትቼ እንደገና አጣፋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅበትም።

ክር ጠፋ ማለቱ ግን አስገረመኝ። በግ ሞልቶ! አጎቴ በገና ይደረድሩ ነበርና ክሩን ከበግ አንጀት ሲሠሩ አይቻለሁ። ለኅዳር ሚካኤል የታረደውን የሙክቱን አንጀት አጠብሁ፣ ፋቅሁ፣ አከረርሁ፤ በሁለት ካስማ መካከል ወጥሬ ለፀሐዩ ሰጠሁት። እናትነሽ ድመቷን ስታባርር ሰነበተች።

ክሩ ሳይደርቅ መሪጌታ አስጠሩን። ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም አንበሳሜ ወረድሁ። ተቀመጥን፤ ስለ አዝመራው ተጠያየቅን፤ ከዚያ መሪጌታ፣ "ልጁ ሙዚቃ ይመታል ይላሉ። ምን እንደሚመታ ከአባቱ አፍ ልስማው" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጎረቤቴ አያ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩን በልጁ ደመወዝ በኩል ሊያዞረው እንደሆነ ገባኝና ቀደምሁት።

"ቤዛ ነው መሪጌታ" አልሁ።

ሌላ አልጨመርሁም። ሌላም አልነበረኝ።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። "ምን አሉ?"

"ቤዛ።"

"ቤዛ…" አሉ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እንደ ማር በምላሳቸው እያገላበጡ። ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ትንሽ አቀረቀሩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተነሡና፣ "ልጄን ሰጥቻለሁ። በጥር ይሁን" አሉ።

በመንገድ ላይ አያ ሞላ እያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። "አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ የምትዘጋን ይህችን አንዲት ቃል ስታበስል ነው እንዴ?" አለኝ። ዝም አልሁት። እያመዛዘነ ነው ብሎ ሳይተወኝ አልቀረም።

ቅዳሜ የደረቀውን ክር በፌስታል ጠቅልዬ ደብረ ታቦር ገባሁ። የይበልጣል በር ከርቀት ይሰማል፤ በሩ ራሱ እኮ ነው፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ስገባ ከልጄ ጋር ሁለት ጓደኞቹን አገኘሁ፤ አንዱ ከአርባ ምንጭ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ማርቆስ ይባላል፤ ሌላው ባንክ የሚሠራው ሀብቴ ነው። መሣሪያ ያለው ይበልጣል ብቻ ነውና ሦስቱ በተራ ይመቱታል። በገና የሚመስል ነገር ለማየት ዓይኔ ዞረ። ያለው ግን አልጋው ላይ የተጋደመ ቀይ፣ አንገተ ረጅም ጊታር ነው። ከጎኑ ሽቦ ወጥቶ ጎታ ከሚያህል ጥቁር ስፒከር ውስጥ ይገባል።

ተነሥተው አስቀመጡኝና ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። የሚከራከሩት ስለ አንድ አሮጌ ካሴት ነው። በልባሱ ላይ የዘፋኙ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የከበሮ መቺው እንኳ በትንሹ ተጽፏል፤ እነሱ የሚያመልኩት፣ ወፍራሙን ክር የሚመታው ሰው ግን ስሙ የለም። "ያ ሰውዬ" ይሉታል። ያ ሰውዬ በአውራ ጣቱ ነው የሚመታው ይላል ሀብቴ፤ በሁለት ጣቱ ነው ይላል ማርቆስ። ክሩ ለስላሳ ነው ይላል አንዱ፤ ሻካራ ነው፣ ያረጀ ሆኖ ነው የለሰለሰው ይላል ሌላው። ካሴቱን ያቆማሉ፣ ያጠነጥናሉ፣ እንደገና በዚያው ስፒከር ያስጮሃሉ። አንድ ቃል ይዘው ሲነታረኩ የሚውሉ ሊቃውንት አይቻለሁ፤ እነዚህም ያው ናቸው፣ ጥምጣም ብቻ የላቸውም።

"አቦ ቶኑን ስማው! ቶኑ እኮ ከባድ ነው!" አለ ሀብቴ።

ስፒከሩን አየሁት። "ቶን አይሞላም" አልሁ። "ቶን እኮ ዐሥር ኩንታል ነው።"

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ለካ እነሱ ዘንድ ቶን የሚባለው የድምፅ መልክ ኖሯል። ማርቆስ ሳቁን ለመዋጥ ሲል ሳል ያዘው።

ነገሩ ይብቃ ብዬ ፌስታሌን ፈታሁ።

"ይኼ ምንድን ነው አባዬ?" አለ ይበልጣል።

"ክር ነዋ። ለቤዛህ።"

"ለምኔ?"

"ቤዛ እመታለሁ ብለኸኝ የለ?"

ልጄ አየኝ፤ ክሩን አየ፤ እንደገና አየኝ። "ቤዝ ነው ያልኩዎ አባዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ቤዝ ጊታር።"

ማርቆስ ደግ ሰው ነው፤ አላሳፈረኝም። "ድሮ የሰው ቁመት የሚያክሉት የትልልቆቹ ቤዞች ክር አንጀት ነበር፤ ያንን ድምፅ ፍለጋ ነው እኛ ሁሉ የምንደክመው" እያለ ክሬን በተበጠሰው ቦታ ወጠረው። መታው። ክሩ ተንቀጠቀጠ፤ ስፒከሩ ግን ጭጭ። ከክሩ ሥር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ብረት ካልሆነ አይሰማም አሉኝ። አልፈረድሁበትም። እሱም እንደ እኔ የሚያውቀውን ነው የሚሰማ።

ከዚያ ለመሪጌታ የነገርኋቸውን ነገርኋቸው። ይበልጣል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

"በቃ፣ ስንታየሁን አጣኋት" አለ። "ጊታር መሆኑን ለአባቷ ለመንገር ፈርታ ነው እስካሁን የቆየችው። አሁን ደግሞ አታለሉኝ ይላሉ።" ቀጠለና፣ "አባዬ፣ ባይነግሯቸውስ? ዝም ይበሉ። ዝምታ ለእርስዎ ምን ይከብዳል?" አለኝ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም አፈረ።

ሀብቴ ነገር ለማብረድ ብሎ መሆን አለበት፣ ካሴቱን እንደገና ከፈተው። "አባባ፣ ይስሙትና ይፍረዱ" አለኝና ከስፒከሩ ላይ አንዷን ቁልፍ ጠመዘዘ። "አሁን ቤዙን አወጣሁት።" ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ሁሉም አለ፤ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል። መልሶ ጠመዘዘው። ያ ሰውዬ ገባ። በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፤ በወንበሩ እግር ወጥቶ ነው ወገቤ የደረሰ። የተበተነው ሁሉ ተሰበሰበ።

ምራን ትዝ አለኝ። ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ነው። ሰው ማረሻውን ያወድሳል፣ በሬውን ያወድሳል፤ ምራኑን ያወደሰ ገበሬ አላየሁም። ሲበጠስ ግን በሬዎቹ ቀንበራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንተ እርፍ ጨብጠህ ትቀራለህ። ልጄ የመረጠው ይህን ነው ለካ። ስሙ የማይጻፍበትን ቦታ።

ካሴቱ እስኪያልቅ ዝም ብዬ ሰማሁ። በዚህ ጊዜ እውነትም እያመዛዘንሁ ነበር። ጥሩ ምራን ነው ብዬ በውሸት ቋጠሮ ላስረው አልችልም። ክሬን ፈትተው ሰጡኝ፤ ኪሴ ከተትሁና በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ አንበሳሜ ወረድሁ።

መሪጌታ ብቻቸውን ነበሩ። ቁጭ ሳልል ጀመርሁ፤ ቁጭ ካልሁ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

"ቃሌን ላቃና ነው የመጣሁ። ልጄ የሚመታው ቤዛ አይደለም፤ ቤዝ የሚሉት ጊታር ነው። ዘፈን ይመታበታል። ክፉ ነገር ግን አይደለም፤ ሌላውን ከሥር ሆኖ ይሸከማል፣ ራሱ አይታይም። ልጅዎን መልሰው ቢይዙ አልቀየምም።"

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አሁን መደቡ ላይ ቁጭ አልሁ።

መሪጌታ ሳቁ። "እንዴ! ጊታር መሆኑንማ አውቃለሁ" አሉ። "ስንታየሁ ለእናቷ፣ እናቷ ለእኔ፤ በገዛ ቤቴ የሚወራውን የማልሰማ እመስልዎታለሁ? እርስዎን የጠየቅሁ ሊዋሹኝ ይሆን ወይስ ሊያፍሩበት ብዬ ልፈትንዎ ነበር። እርስዎ ግን አልዋሹ፣ አላፈሩ፤ በቅኔ መለሱልኝ!"

"በምን?"

"ሰሙ ቤዝ፣ ወርቁ ቤዛ! ስለ ሌላው ከሥር ገብቶ የሚሸከም ቤዛ ካልተባለ ምን ይባላል? በአንዲት ፊደል! ተማሪዎቼን ሳምንት ሙሉ አከራከርኋቸው፤ አንዱም እንዲህ ያለ አላመጣ።"

"ቅኔ አይደለም መሪጌታ። ነፋስ ነበር፤ ጆሮዬ ነው የሳተ።"

"ትሕትና ደግሞ ተጨመረበት!" አሉና ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

እውነቱን እንደገና ነገርኋቸው፤ እንደገና ሳቁ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው እውነቱን ሁለት ጊዜ ተናግሮ ካልታመነ፣ ሦስተኛው ክርክር ነው። ዝም ለማለት ወሰንሁ። ዝምታዬንም እንደ ሌላ ቅኔ አጣጣሙት።

ግድግዳው ላይ በገናቸው ተሰቅሏል፤ አንድ ክር ይጎድለዋል። ከኪሴ የበግ አንጀቴን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወጠሩት፣ ቃኙት፣ በጣታቸው ነካ አደረጉት። እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። ያ ድምፅ ከመደቡ ወጥቶ ወገቤ ደረሰ፤ ቦታውን አውቆታል።

ሊሸኙኝ እስከ አጥሩ ወጡ። "ለሰርጉ ደግሞ አንድ ቅኔ ይዘው ይምጡ፤ ሕዝቡ እየጠበቀዎ ነው" አሉኝ።

"ላስብበት" አልሁ።

ላስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጉና ተመለስሁና፣ ጋቢዬን ፈትቼ እንደገና አጣፋሁ፤ ከዚያ ውርጩ ያተረፈውን ድንች ልቆፍር ወጣሁ። ድንች ሰምም ወርቅም የለው።