ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው

በየቤተሰቡ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚስብ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ቆዩ፣ ይመጣላችኋል። ሲመጣ ደግሞ ቋንቋውን ይዞ ነው። የእኛው ክቡር ሊቀ እንፋሎት ትሬቨር ሃርግሪቭስ ይባላል፤ የሟች እህቴ የግሌንዳ ባል ነው።

ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ እንግሊዝ አገር ዌክፊልድ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳና ሲጋራ ሲያጨስ ኖረ። ያኔ ስለ ሲጋራው አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ያጨሳል፣ ያስላል፣ በቃ። እህቴ ተው እያለች ስትለምነው ኖራ፣ ያቆመው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ይህን ሳስብ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬ ብቆጣቸው ደስ ይለኛል።

ዛሬ “ጭስህን ወደ ውጭ” ያልኩት እንደሆነ ጉድ ይፈላል።

“ስንት ጊዜ ልንገርሽ ፖሊን፤ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው።”

መጋረጃዬ ልዩነቱን አያውቅም። ትምህርቱ ግን ይቀጥላል። ጥቅል የሚባል ሽቦ አለ፤ ሽቦው ጥጥ ያቅፋል፣ ጥጡ ከታንኩ ውስጥ ጭማቂ የሚሉትን ባለ ጣዕም ፈሳሽ ይጠጣል፣ ጭማቂው ደግሞ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ከርሞ “መብሰል” አለበት። ኦሙ ዝቅ ሲል ደመናው ይወፍራል። ዋቱ ሲበዛ “ደረቅ ምት” ይመጣል። ደረቅ ምት ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱ እስኪያልቅ ምሳዬ ይቀዘቅዛል።

ባለፈው ፋሲካ ቄሳችን ወይዘሮ ፊሊፓ፣ አዲስ የመጡት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ “አቶ ትሬቨር፣ እንዴት ሰነበቱ?” አሉት።

“ምን እባክዎ፣ ጥጡን ከቀየርኩት ወዲህ ታንኬ ያፈሳል። ማታ ማታ ደግሞ ድምፅ ያወጣል።”

ሴትዮዋ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱትና ጸለዩለት። እሱም አሜን አለ። በሳምንቱ “ማሸጊያውን ስቀይረው ተሻለኝ” ብሎ አበሰራቸው፤ እስከ ዛሬ ሲያዩት ወንበር ያቀርቡለታል።

የሱቅ ጭማቂ አይነካም። ማንጎ ምናምን የልጅ ነገር ነው ይላል። ራሱ ነው የሚቀምመው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙሶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ መጥቶ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግሌንዳ እሁድ እሁድ ትጋግረው የነበረውን የሩባርብ ጣፋጭ ጣዕም። ያ ጎምዛዛ ቀይ አገዳ፣ ላዩ የቅቤና የስኳር ፍርፋሪ። አሠራሩን ለማንም ሳትነግር ሄደች። እኔ እህቷ ስንቴ ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ይሆናል፣ የእሷ ዓይነት ግን አይሆንም።

ትሬቨር ስለ እሷ አያወራም። “የላይኛው ጠረን መጥቷል፣ የታችኛው ነው እምቢ ያለኝ” ይላል። ሚስቴ ናፈቀችኝ ማለቱ እኮ ነው። እኔንም ናፍቃኛለች፤ ለዚህ ነው በዚያ ሁሉ ደመና መስኮት ከፍቼ የምታገሠው።

ባለፈው ቅዳሜ ከአንዱ ጠርሙስ ቀድቶ ሳበ። ደግሞ ሳበ።

“ሞተብኝ” አለ።

“ምኑ?”

“ምላሴ። አንዱን ጣዕም ሲያበዙበት ይደነዝዛል። ሌላውን ሁሉ እቀምሳለሁ፣ ይሄ ግን ውሃ ውሃ ነው የሚለኝ።”

“ይመለስ የለም እንዴ?”

“የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል።”

ይህን ሲል የተነፈሰው እንፋሎት ጠረጴዛውን አቋርጦ መጣብኝ። እንደ ልማዴ በእጄ ላባርረው ስል ሸተተኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወደ በሩ ዞርኩ። የምትገባ መስሎኝ።

“ምነው?” አለኝ።

“እሷ ናት። ትሬቨር፣ አግኝተኸዋል።”

ፊቱ ልውጥ አለ። “የቱ ነው የጎላው? ቫኒላው ነው? ቅቤው ከላይ መጣ ወይስ ከሥር?”

“እኔ የእናንተን ቋንቋ የት አውቄ።”

“እንደምታውቂው ንገሪኝ” አለ። “ለእኔ ምንም አይሸተኝም፣ ፖሊን። ባክሽ።”

ዓይኔን ጨፈንኩ።

“እሁድ ነው” አልኩት። “ይዘንባል፤ የመስኮቱ መስታወት በላብ ተሸፍኗል። ያቺን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች፣ እጅጌው ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ምድጃውን ከፍታ እያየች ነው። አንተ ደርሷል ትላለህ፣ እሷ አልደረሰም ትላለች። ጀርባዋን እንደሰጠችህ፣ ዞር እንኳን ሳትል፣ ‘ትሬቨር፣ እግርህን ከወንበሬ ላይ አውርድ’ ትልሃለች።”

ዓይኔን ስገልጥ፣ ፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ላይ ሰቅሎት የነበረውን እግሩን ቀስ ብሎ ሲያወርድ አየሁት።