ደመና ውስጥ ታች የት ነው?

ሰው ከሁሉም አብልጦ የሚያምነው የገዛ አካሉን ነው። ራበኝ ሲለው ይበላል፣ ደከመኝ ሲለው ይተኛል፤ ማስረጃ አምጣ አይለውም። እኔም በጃንሆይ ዘመን አውሮፕላን ማብረር እስክማር ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ። አስተማሪዬ ሻምበል ወርቁ ውጭውን እንዳላይ ግንባሬ ላይ መከለያ ያስሩልኝና፣ «ከእንግዲህ መሣሪያዎቹን ብቻ እመን። ሰውነትህ ውሸታም ነው» ይሉኛል። ሰው አካሉ እንዲህ ሲሰደብበት ቅር ይለዋል። ቅር አለኝ።

አንድ የክረምት ጠዋት ለልምምድ ዲላ ሜዳ ላይ እንዳረፍን፣ የክሊኒኩ ድሬሰር እየሮጠ መጣ። ከኮንጋ መንደር በቃሬዛ የመጣች አየለች የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባታል፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ከኋላ አስተኛናት። ቡና ገበሬው ባሏ በራሶ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ሆነ።

እንደተነሳን እንሰቱም፣ የቡናው ጥላ ዛፍም፣ ከየጎጆው ክዳን የሚተነው ጭስም ቀስ በቀስ ጠፉ። ነጭ ብቻ ቀረ። ላይ የለም፣ ታች የለም፤ ሞተሩ እንኳ ከሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የሚሰማ መሰለኝ። ሻምበል ሬዲዮውን እየነካኩ፣ «ያዝ፤ አንተ አብርር» አሉኝ። መከለያ አላስፈለገኝም፤ ሰማዩ ራሱ ከልሎኛል።

ጥቂት እንደሄድን ወደ ግራ ተጋድመን የምንወርድ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ? ሆዴ ማለ፣ ጆሮዬ ተገዘተ። መሣሪያው ግን ቀጥ ብላችኋል ይላል። እጄ መሪውን ወደ ቀኝ ሊጠመዝዝ ይዳዳዋል፤ ብሳሳት ከኋላዬ ያለችው ነፍስ አንድ አይደለችም።

«ወንድሜ፣ እየወደቅን ነው?» አለች አየለች በምጧ መሀል።

«አይደለም እህቴ፤ ቀጥ ብለን እየሄድን ነው።»

«ታዲያ የምወድቅ የሚመስለኝ ለምንድነው?»

«እኔንም ይመስለኛል።»

ሻምበል አፈጠጡብኝ። እሷ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሳቀች። «እንግዲያው አብረን ነን» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም እጄን አላልቼ፣ ያላመንኩትን እየታዘዝኩ፣ የመሣሪያዎቹን መርፌ ብቻ እያየሁ ሄድኩ። ነጩ ሲገለጥ የዝዋይ ሐይቅ ከታቻችን ተንጣሎ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ልክ መሆን ባለበት ቦታ። ውኃ አይቼ የዚያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አየለች አዲስ አበባ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልጠይቃት ሆስፒታል ስሄድ በራሶ እጄን ስሞ መረቀኝና፣ «በዚያ ሁሉ ደመና መንገዱን እንዴት አዩት?» አለኝ።

«አላየሁትም» አልኩት።

ሻምበል በአውሮፕላን ወደ ዲላ እንድንመልሳቸው አስፈቅደው ነበር። በራሶ ምስጋናውን አብዝቶ አቀረበ፤ ከዚያም መንገዱ እስኪጠገን ጠብቆ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ በአውቶቡስ አገሩ ገባ።