አምስተኛዋን ድምፅ የከለከለው ሰው

ሐበሻ በተሰባሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ «ትቻለሁ» ባይ አይጠፋም። ሻይ ስትቀዱለት ስኳር ትቻለሁ ይላችኋል፤ ሊፍት ስትጠሩ ሊፍት ትቻለሁ ብሎ ደረጃውን ይያያዘዋል። እሱ መተዉስ ባልከፋ፤ የሚከፋው እናንተም እንድትተዉ መፈለጉ ነው።

ኬንያ ውስጥ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር አዳራሽ ተከራይታ ለምታመልከው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የደረሳት «ትቻለሁ» ባይ ዮፍታሄ ይባላል። የኳየሩ መሪ፣ የዜማ ደራሲና ኪቦርድ ተጫዋች ነው። መሪ ዘማሪዋ ሩሐማ ግን በልቧ «ክቡር የክልከላ ሚኒስትር» ብላ ሾማዋለች። ክቡርነታቸው በየማለዳው የሚኖሩበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ በውሃ ታንከሮቹና በተሰጣው ልብስ መሃል የፕላስቲክ ወንበራቸውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሰዓት ሙሉ በጽሞና ይቆያሉ። ሙሴ ከተራራው አሥር ትእዛዝ ይዞ ወረደ፤ ዮፍታሄ በየሳምንቱ አንድ ይዞ ይወርዳል።

መጀመሪያ የከለከለው «ሃሌሉያ»ን ነው። «ግጥም ሲያልቅብን መሙያ አደረግናት» አለ። እውነቱን ነበር፤ ነገር ግን ሃሌሉያ ሲወጣላቸው ግማሾቹ መዝሙሮች ሁለት ሁለት መስመር ብቻ ሆነው ቀሩ። ቀጥሎ ኪቦርዱ ውስጥ የተሞላውን ከበሮ ከለከለ። ቀጥሎ የራሱን ግራ እጅ። ግራውን ኪሱ ከትቶ በቀኙ ብቻ ሲጫወት ያየ አንድ እንግዳ፣ ታሞ መስሎት እጁን ጭኖ ጸለየለት። ሩሐማ በተቆጣች ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «እህቴ፣ ሲጠብ ይጠልቃል።»

ያን ሰሞን ግን ነገሩ ለቀልድ አይመችም ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ገብሬ ቁርጡን ተናግረዋል። «ልጆቼ፣ እናንተ ትዘምራላችሁ፣ ሕዝቡ ተቀምጦ ያያችኋል። በፋሲካው ጉባኤ ሕዝቡ አብሯችሁ ካልዘመረ ኳየሩ ይታጠፋል» አሉ። ሩሐማ እዚያ ኳየር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። ሳምንቱን ሙሉ መሃል ከተማ ፀጉር ቤት ቆማ የሰው ራስ ስትሠራ ትውላለች፤ እሑድ ብቻ ነው ሰው እሷን የሚያያት። ጣራ የምትነካ አንዲት ከፍተኛ ድምፅ አለቻት። እሷን ስታወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

ጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዮፍታሄ ከጣሪያው ወረደ።

«አዲሱ መዝሙር አልቋል» አለ። «አራት ድምፅ ብቻ ነው።»

«ቅኝታችን ራሱ ያለው አምስት ነው!» ጮኸች ሩሐማ። «ከአምስት ላይ ይቀነሳል? ፈረንጆቹ አሥራ ሁለት አላቸው፣ ሂድና ከነሱ ቀንስ! ለመሆኑ የትኛዋን ነው ያወጣሃት?»

«የላይኛዋን።»

የእሷን! ጣራ የምትነካዋን!

«እህቴ፣ ሲጠብ . . .»

«እንዳትጨርሳት!»

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከዘማሪዎቹ ጋር በሹክሹክታ መከረች። በሦስተኛው ዙር እጇን ስታነሣ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ እሷ ብቻዋን ወጥታ ጣራዋን ትነካለች። ሚኒስትሩ መድረክ ላይ ምን ሊያደርግ ነው? በአንድ እጁ!

ቀኑ ደረሰ። ከእነሱ በፊት የወጣው እንግዳ ኳየር ጭስ የሚተፋ ማሽን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ሕዝቡ አጨበጨበና ተቀመጠ። ዮፍታሄም ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ጀመረ፦ «ጠባቧ ቤቴ ገባህ፣ ሰፋችልኝ።» ግጥሙ ይኸው ነበር፤ ሌላ የለውም።

የመጀመሪያው ዙር በጸጥታ አለፈ። በሁለተኛው ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ወጣቷ ኤልሻዳይ ነበረች። እዚያ የሚቀመጡት ኬንያ ያደጉት ልጆች ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ስለማያነቡ ሁልጊዜ ስልካቸውን ሲነካኩ ነው መዝሙሩ የሚያልቀው። አጠገቧ ያሉት ተከተሏት። ከፊት ደግሞ ጉሮሯቸው ዜማ ማውጣት ካቆመ ዓመታት ያለፋቸው እናቶች ገቡበት። ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ሩሐማ እጇን አነሣች።

ዘማሪዎቹ ዝም አሉ። አዳራሹ ግን ዝም አላለም። ያለ እነሱ ይዘምር ነበር። ሩሐማ አፏን ከፍታ ቆመች። አሁን ከፍ ብትል ማንም ሊከተላት አይችልም፤ ያጨበጭቡላትና ይቀመጣሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያጨበጭቡላት ኖረዋል። አብረዋት ሲዘምሩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እጇን አወረደችና ከሕዝቡ ጋር በዚያው በአራቱ ድምፅ ገባች። ሰባት ዙር ዞሩ። መድረክ መሪው ሊያስቆም ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ጋሽ ገብሬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሁሉም ግማሽ ቃል ወደ ኋላ ቀርተው፣ ያለ ሐፍረት ይዘምሩ ነበር።

«አንቲ ሩሐማ!» ከመድረክ ሲወርዱ ኤልሻዳይ ሮጣ መጣች። «ዚስ ዋን እኔም እችለዋለሁ! ሌላውን ኦነስትሊ ሁሌ ፌክ ነው የማደርገው!»

ጋሽ ገብሬም እንባቸውን እየጠረጉ መጡ። «ኳየሩ አይታጠፍም። ይልቅ እኔንም መዝግቡኝ» አሉ።

ኪቦርዱን ታክሲ ላይ ሲጭኑ ዮፍታሄ አንገቱን ደፍቶ ጠጋ አላት።

«ሩሐማ፣ ዛሬ ማለዳ በጽሞና ሳለሁ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በድዬሻለሁ። ከመጪው እሑድ ጀምሮ አምስተኛዋን ብንመልሳትስ?»

ሩሐማ አየችው። ይህን ግትር፣ ይህን አድርቅ ሰው ለካ እንዲህ ትወደው ኖሯል።

«እንዳትነካት!» አለችው። «ይልቅ ንገረኝ፣ ቀጥሎ የምንተወው ምንድን ነው?»