ቅቤ የተቀባችው ጊታር

በአገራችን መብራት ያልደረሰበት ገጠር፣ ዝናብ የማይደርስበት ቆላ ሞልቷል። “ቆይ እኔ ላጽዳልህ” የሚል ጎረቤት የማይደርስበት ቤት ግን የለም። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። እናንተ አቧራ ባያችሁበት ነገር ላይ እሱ በሽታ ያያል። መድኃኒቱን ከሱቅ አይገዛም፣ ከጓዳ ነው የሚያወጣው፦ ሎሚ፣ አመድ፣ ጨው፣ ጋዝ፣ የኑግ ዘይት። ዕቃችሁን ጨርሶ ካልገደለው ደግሞ አይመልስላችሁም።

የእኛው ጋሽ ጉደታ ይባሉ ነበር። ናዝሬት ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስኳር ፋብሪካ የማሽን ጥርስ ዘይት ሲያጠጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። እኔ በልቤ “ክቡር ጓድ የጽዳት ኮሚሳር” ብዬ ሾሜያቸው ነበር። መፈክራቸው አንዲት ናት፦ “ቀላል ነው! ቤት ባለ ነገር!”

የእናቴ ሬዲዮ ድምፁ ሻከረ ብለው በኦሞ አረፋ አጠቡት። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮኑ የተናገረው ነገር ቢኖር አንድ ጊዜ እስስስ ብሎ መጨሱ ነው። የሌላ ጎረቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ደግሞ ኑግ ዘይት አጠጡት፤ ሰዓቱ ቆመ፣ ጉንዳን ግን ሌት ተቀን ይዞረው ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጉዲቱ “እኔን እስካሁን ያልፈተገኝ አፍ ስላለኝ ነው” ይሉ ነበር።

ከሁሉ የባሰው የቀበሌው ነው። በሩ ላይ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ መፈክር ተሰቅሎ ነበር፦ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!” የናዝሬት አቧራ ሸፍኖት ሲያዩ ጋሽ ጉደታን አላስቻላቸውም። ጨርቅ ጋዝ ነክረው ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ፈተጉት። አቧራው ለቀቀ፤ ቀለሙም ተከትሎት ለቀቀ። ሕዝቡ ለስብሰባ ሲመጣ “ሁሉም ነገር ወደ” የሚል ብቻ ተርፎ አገኘ።

“ወዴት? ሁሉም ነገር ወዴት ነው?” እያለ ሊቀመንበሩ አበደ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣” አሉ ጋሽ ጉደታ ረጋ ብለው፣ “ጥፋቱ የቀለሙ ነው። ድሮም ቆርቆሮው አልጠጣውም።”

አሰሯቸው። የቀበሌው እስር ቤት በር እየጮኸ እንቅልፍ ቢነሳቸው፣ ምሳቸው ላይ ከነበረው ወጥ ዘይቱን ቀድተው ማጠፊያውን አለሰለሱት። በሩ በነፋስ እየተከፈተ ጠባቂውን አስመረረው። “ኧረ ይሄን ሰውዬ ውሰዱልን!” ተብለው ተፈቱ።

እስከዚህ ድረስ ሳወራ እስቃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም።

ወንድሜን ሐዲስን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ታፍሶ ሄደ፤ “ደህና ሁኑ” እንኳ ሳይለን። የቀበሌው ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበርና ከእሱ የቀረችን ጊታሩ ነች። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠቻት። “ልጄ ሲመጣ እንደተዋት ነው የሚያገኛት። ማንም እንዳይነካት!” አለች። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ እየከፋ ሄደ፣ ክረምት በክረምት ተተካ፣ ስለ ሐዲስ ግን ምንም አልሰማንም። እናቴ እሁድ እሁድ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ታያትና መልሳ ትሸፍናታለች። ጊታሯ ደህና ከሆነች ልጇም ደህና ነው ብላ አምና ነበር። በአፏ አልተናገረችውም፤ እኔ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ይባስ ብሎ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። እናቴ ለሐዲስ ተስላ ቁልቢ ወረደች። እኔ ሥራ ስሄድ እንደ ልማዳችን ቁልፉን ጎረቤት ተውኩ። ጎረቤት ማለት እንግዲህ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለምሳ ስመለስ ጊታሯ ግቢው መሀል፣ በርጩማ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። ሰውነቷ ያብለጨልጫል። አናቷ ላይ ሻሽ ታስሯል።

“ጋሽ ጉደታ! ምን አደረጓት?”

“አትጩህ፣ ኢልማ ኮ፣” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “እናትህ ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ነው። አቧራውን በሳሙና አጠብኩ፤ ክሮቹን በሎሚ፣ ብረት ብረቷን በአመድ ፈተግኩ። እንጨቱ ግን ክው ብሎ ደርቋል። የደረቀ ነገር ምን ይፈልጋል? ለጋ ቅቤ! ቀባኋትና እንዲሰርጋት ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። እናትህ ራሷን ስትቀባ ሻሽ አስራ ፀሐይ አትሞቅም?”

“እናቴ በሙጫ አልተጣበቀችም!”

“እሱስ…” አሉና ሻሹን መፍታት ጀመሩ።

የናዝሬት ፀሐይ ሥራዋን ጨርሳ ነበር። የጊታሯ ሆድ አብጧል፣ አንገቷ ተቆልምሟል፣ ጀርባዋ ከጎኗ ተላቅቋል። ክሯን ነካሁት። እንደተመታ ድስት ድብ አለች። እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናቴ ከቁልቢ ተመልሳ ስታያት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “እንግዲህ አለቀልኝ” ብላ በዚያው ነጠላ መልሳ ጠቀለለቻትና ቁምሳጥኑ ላይ አወጣቻት። ከዚያ በኋላ ጋሽ ጉደታ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው “እንደምን አደርሽ፣ ዘውድነሽ?” ይላሉ። እናቴ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ። በማግስቱም ይመጣሉ።

ሐዲስ መጣ። ከወታደር ሆስፒታል ተሰናብቶ፣ እያነከሰ መጣ። ግን አይናገርም። ይሰማል፣ ምላሱም ጤነኛ ነው፤ ሐኪሞቹ “በጊዜው ይመለስለታል” ብለው ነው የሸኙት። እናቴ ጠበል ወሰደችው፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ወሰደችው። ምንም። አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። የመጣው ሰው ሁሉ “እግዜር ያውቃል” እያለ ይወጣል። ወንድሜ ቤቱ ገብቷል፤ ግን አልመጣም።

አንድ ቀን ጋሽ ጉደታ ሳይጠሩ ገቡ። ሐዲስን ትኩር ብለው አዩት። “ቀላል ነው” እስኪሉ ጠበቅኩ። ከፈለጉ አመድ ይቀቡት፣ በሎሚም ይሹት፣ ብቻ ያቺን ቃል ይበሉ ብዬ ጠበቅኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣

“ይሄስ ከባድ ነው” አሉ።

ያኔ ነው እኔ ጨርሼ ተስፋ የቆረጥኩት።

ሊወጡ ነው ስል ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ። እናቴ “ኧረ በማርያም ይተዉ!” እያለች ሳትደርስባቸው ጊታሯን አወረዷት፣ ነጠላውን ፈተው ሐዲስ ጭን ላይ አስቀመጧት።

“ኢልማ ኮ፣ እናትህ ደብቃህ ነው እንጂ ጊታርህ ተበላሽታለች። ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። ስደበኝ።”

የከረመ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሐዲስ ያበጠውን ሆድ ዳበሰው። ጣቱ ቅባት ነካ፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ግንባሩ ተኮማተረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ማነው…” አለ። ድምፁ እንደዛገ በር ነበር። “ማነው ጊታር ቅቤ የሚቀባ?”

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው።

“ሻሽም አስሬላት ነበር” አሉ ጋሽ ጉደታ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

“ሻሽ! ሙሽራ ናት እንዴ? እርስዎ ሰውዬ፣ ጊታሬን ገደሏት እኮ! አሳሯን አበሏት!”

“ልክ ነህ፣ ልጄ። ጨምር። ጨምርበት።”

ጨመረበት። ስንት ወር የታፈነው ሁሉ ወጣ። ሲሳደብ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ይስቃል። እናቴ የጋሽ ጉደታን ጉልበት ይዛ ትስማለች። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። እኔ በበኩሌ እኚህን ዕቃ ገዳይ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ቀን አወቅኩ። ቤታችን ውስጥ የቀረ ዕቃ ካለ ሁሉንም ይጠቡት አልኩ በልቤ።

ጋሽ ጉደታ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ጊታሯን ዘንበል አድርገው አዩአት። ዐይናቸው ውስጥ ያ የማውቀው ነገር ብልጭ አለ።

“ቅቤውን የሚያስለቅቅማ አለ” አሉ። “ቀላል ነው። ትንሽ ጋዝ በጨርቅ…”

“ተዉ!” ብለን ጮኽን። ከሁላችንም በላይ የጮኸው ሐዲስ ነበር።