እህትን ወደ ስልሳ አራት ቢት ስለማሻገር

በየቤተዘመዱ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸ አያስጨንቀውም፤ የሚያንገበግበው ሳይሻሻል የሚሠራው ነው። ለልብስ ሰፊዋ፣ ዕድሏ ሆኖ፣ ይህ ሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። ቤተሰቡ «ክቡር አሻሻይ» ሲል ያሾፍበታል፤ እሱ እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል።

ክቡርነታቸው ያለ ካቻቢቴና ያለ ፍላሽ ዘመድ ጠይቀው አያውቁም። የበሩን ማጠፊያ አጥብቅ ቢባሉ ቁልፉን ቀየሩና ቤተሰቡ በመስኮት ሲገባ ዋለ። ካውያዋን ካሻሻሉት ወዲህ ካውያው ማቃጠል እንጂ መሞቅ አያውቅም።

ቅዳሜ ደግሞ ኮምፒውተሯን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እታለም፣ ይቺ ማሽን ስልሳ አራት ቢት መሸከም እየቻለች በሠላሳ ሁለት ቢት ሊኑክስ ታሠሪያታለሽ። ግፍ እኮ ነው።»

«የልብስ ቅዴን አወጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ምን ጎደለኝ?»

«አይታወቅሽም እንጂ ጎድሎሻል።»

ሰኞ የሚቆረጥ የሙሽራ ቀሚስ ነበራት፤ ቅዱ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ደንበኛ ለክታ ስትመለስ አሮጌው ሊኑክስ ተጠርጎ ወጥቷል። ለካ ከሠላሳ ሁለት ወደ ስልሳ አራት የሚኬደው ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ በመጫን ነው። ክቡርነታቸው ይህን ያውቃሉ፤ መናገሩ ግን አላስፈለጋቸውም። ፋይሎቿን በፍላሽ ገልብጠው መልሰዋል፤ በዚህ አይታሙም። የቅዱ ፕሮግራም ግን የተሠራው ለሠላሳ ሁለቱ ነውና አልከፍትም አለ።

ደሟ ፈላ። «ሙሽራዋን ምን ልበላት? ወንድሜ አሻሽሎሻል ልበላት?»

ክቡርነታቸው ምሳም ሳይቀምሱ ማሽኑ ላይ ተተክለው ዋሉ። በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን የሠላሳ ሁለቱን ፋይሎች ከስልሳ አራቱ ጎን መጫን ነው።»

«መልሰህ ልታመጣው ነው ታዲያ ያባረርከው?»

«አሁን እኮ ሁለቱም አሉሽ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ቅዱ ተከፈተ፣ ቀሚሱም ደረሰ። እሷ ግን ንዴቷ አልበረደላትም ነበርና፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዕቃ ላይ እጅህን እንዳላይ ብላ አስወጥታቸዋለች።

በዚያው ቀሩ። ኮምፒውተሩ እንከን አልወጣለትም፤ እሷ ግን ከፋት። ሌሎቹ ወንድሞቿ ትዝ የምትላቸው ዚፕ ሲበጠስባቸው ነው። ያ በጥባጭ ግን አንድም ሳምንት ሳያያት አሳልፎ አያውቅም ነበር። ናፈቃት፤ ስልኩን አነሳች።

«ኮምፒውተሩ ደህና አይደለም።»

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ዝም ብሎ ይሠራል።»

ክቡርነታቸው ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

«እሱማ ጥሩ አይደለም» አሉ። «መጣሁ።»