ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ለብቻ

የዲፕሎማሲ ዘጋቢዎች ራሳችንን ከፍ አድርገን እንደምናይ አልደብቃችሁም። የስፖርቱ ባልደረባችን ጎል ቆጥሮ ይገባል፤ የገበያው ዘጋቢ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቆ ይመለሳል፤ እኛ ግን የአገሮችን ዕጣ ተሸክመን የምንዞር ይመስለናል። ከረባት የምናስረውም ለዚሁ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያየሁት በር ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ይገቡና ይዘጋል፤ እኛ ኮሪደር ላይ እግር እየቀያየርን እንቆማለን፤ ከሰዓታት በኋላ ወጥተው ለፎቶ ይጨባበጣሉ፤ ቃል አቀባዩ ወረቀት ያነብልናል፤ እኛም «ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበር ተገለጸ» ብለን ወደየቤታችን እንገባለን። ለማን ፍሬያማ? ብሎ የጠየቀኝ አርታኢ እስካሁን የለም። ደክሞኛል።

ባለፈው ኅዳር ባሕር ማዶ የተካሄደ አንድ የሰላም ድርድር ዘግቤ እንደተመለስኩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ልረፍ ብዬ ቆቦ አጎቴ ሰይድ ዘንድ ወረድኩ። አጎቴ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸው ለቆረጣ ደርሶ ቆሟል። ያን ሰሞን ግን ከተማው በጦርነት ወሬ ይታመስ ነበር፤ ከዋጃ የመጣው አንድ ይላል፣ ከጎብዬ የመጣው ሌላ ይላል። አጎቴ ደግሞ ባለፈው ጊዜ «ምንም አይመጣም» ብለው ተቀምጠው በሬዎቻቸውን ያጡ ሰው ናቸው። አሁን የዓመት ቀለባቸውን ማሳ ላይ ትተው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይሽሹ፣ ወይስ ቆርጠው ይክተቱ? ገና ከመቀመጤ ጠየቁኝ።

«አንተ ከትልልቆቹ ዘንድ ውለህ የመጣህ ነህ። ልቆይ፣ ልሂድ?»

አጎቴ በወጣትነታቸው ከአፋሮች ጋር እህል በፍየል ሲለዋወጡ ኖረዋል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ለብቻ፣ ከማን እንደሰማኸው ጭምር ትናገራለህ። ቀላቅለህ የተገኘህ ዕለት ከዚያ ወዲያ የሚሰማህ የለም። በዚሁ ሥርዓት መረመሩኝ።

«ሲታረቁ አይተሃል?»

«ሲጨባበጡ አይቻለሁ።»

«ሲነጋገሩስ?»

«በሩ ዝግ ነበር።»

«ታዲያ በዜናው ፍሬያማ ነው ያልከው ማን ነግሮህ ነው?»

«ቃል አቀባዩ።»

«እሱስ ውስጥ ነበር?»

እኔ እንጃ! ጠይቄው አላውቅም።

«ወላሂ ልጄ፣ አንተም እንደኛው ነህ» ብለው አዘኑልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እፍረቴን ልሸፍን ብዬ ይሁን አዝኜላቸው፣ «አብሽሩ አጎቴ፣ የሚመጣ ነገር የለም፤ ማሽላዎን ይቁረጡ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ተደወለ። ከነገ ወዲያ ጋዜጣዊ መግለጫ አለ፤ ሌላ በር መሆኑ ነው። እኔም ጁምዓን አብሬዎት አሳልፋለሁ ማለቴን ረስቼ፣ እዚያው አጎቴ ፊት ለሚኒባስ ሹፌር ደውዬ ለነገ ጠዋት ጋቢና እንዲይዝልኝ ለመንኩ።

ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ጋሪ በር ላይ ቆሟል። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የልጅ ልጆቹም ከነጫማቸው ተጭነዋል።

«ምነው አጎቴ? ምንም የለም አላልኩዎትም?»

«እሱን ሰማሁት» አሉ ገመዱን እያጠበቁ። «ስትሄድ ደግሞ አየሁህ።»

ለመግለጫ ነው የምሄደው ብዬ ማልኩ። ብምል ማን ይሰማኛል! መሐላው እንደውም የማውቀውን የምደብቅ አስመሰለኝ። ጎረቤቱ የአጎቴን ጋሪ አይቶ የራሱን ጫነ፤ የሱን አይቶ ደግሞ ቀጣዩ። ማሽላው ለወፍ እንደቆመ ቀረ።

ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይርቅ አርታኢዬ ደወለ። ከቆቦ ሰው እየሸሸ ነው የሚል ወሬ ደርሶታል፤ እኔ አካባቢው ላይ ስለሆንኩ ደስ ብሎታል። በመስኮት ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጋሪዎቹ አስፋልቱን ይዘው ይመጣሉ።

«እውነት ነው» አልኩት፤ «በዓይኔ እያየሁ ነው።»

ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ብዬው አላውቅም።

«በጣም ጥሩ! ምን ሰምተው ነው የሚሸሹት? ምንጩ ማን ነው?»

ጋቢናው ውስጥ ትንሽ ተቁነጠነጥኩ።

«ምንጩ» አልኩት፣ «ስሙ እንዲጠቀስ አይፈልግም።»