ያለ ፓስፖርት የተሻገረ ግማሽ ራስ

(ትንሽ ፀጉር ቤት። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰውዬ እስከ አንገቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ ከጨርቁ ሥር ናቸው። የራሱ ቀኝ ጎን ተላጭቶ ያበራል፣ ግራው ገና እንደጎፈረ ነው። የሊቁ እህት ባል፣ ደንበኞቹ «አዝጋሚው» የሚሉት ፀጉር አስተካካይ፣ በአንድ እጁ ቶንዶስ በሌላው የሊቁን ስልክ ይዞ ቆሟል።)

አዝጋሚው፦ ግን ምን አጥፍቼ ነው የከለከሉኝ?

ሊቁ፦ ምንም አላጠፋህም አልኩህ እኮ! መላጨትህን ቀጥል።

አዝጋሚው፦ ይኸው ተጽፏል። «ይቅርታ፣ እርስዎ ባሉበት አገር የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ይህን ገጽ ልናሳይዎት አንችልም።» የገዛ ልጄን ዜና!

ሊቁ፦ ሕጉ አንተን ሊጠብቅህ ነው።

አዝጋሚው፦ ከልጄ?

ሊቁ፦ ከጋዜጣው! ጋዜጣው ገጹን የከፈተውን ሁሉ ይሰልላል። ምን አነበበ፣ ምን ወደደ፣ የት ነው ያለው። የእኛ ሕግ ደግሞ ሰው መሰለል ክልክል ነው ይላል። እነሱም «ካልሰለልን አናሳይም» ብለው ዘጉት።

አዝጋሚው፦ ይሰልሉኝ እንግዲህ! ቅዳሜ እላጫለሁ፣ እሁድ እተኛለሁ። (ወደ ስልኩ እየጮኸ) ሰልሉኝ! ፈቅጃለሁ!

ሊቁ፦ አይሰሙህም።

አዝጋሚው፦ ሰላዮች ሆነው እንዴት አይሰሙኝም?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ላጭ። ቃለ መጠይቅ አለብኝ።

አዝጋሚው፦ የምን ሥራ ነበር ያልከኝ?

ሊቁ፦ የመረጃ ጠባቂ። የአንድ ትልቅ ድርጅት ምስጢር በሙሉ በእኔ እጅ ሊገባ ነው። ኃላፊው ራሱ ነው ስልክ ቁጥሩን የሰጠኝ።

(አዝጋሚው ቶንዶሱን ያጠፋል።)

ሊቁ፦ ምነው አጠፋኸው?

አዝጋሚው፦ እያወራሁ አልላጭም፤ ጆሮ ቆርጬ አውቃለሁ። ስማኝ። ልጄ እዚያ ሩቅ አገር ፀጉር ቤት ከፍታ ጋዜጣ ጽፎላታል። ስትሄድ «በወር ውስጥ ትዘጊዋለሽ» ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍሬ ደውዬላት አላውቅም። ጋዜጠኛው «ማን አስተማረሽ?» ብሏት እንደሆነ፣ ምን እንደመለሰች ልወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሊቁ፦ በቃ? ይሄ ነው ያስጨነቀህ? ስልኩ ሌላ አገር ያለ እናስመስለዋለን። ሕጉ ወደሌለበት እንሻገራለን።

አዝጋሚው፦ አሁን? ግማሽ ራስህን ተላጭተህ?

ሊቁ፦ ለማስመሰል ነው እንጂ ከወንበሩ ማን ይነሳል?

አዝጋሚው፦ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፏል።

ሊቁ፦ ፓስፖርት አያስፈልግም!

አዝጋሚው፦ ያለ ፓስፖርት መውጣቱ ባይከብድ እንኳ መመለሱ ያስቸግራል።

ሊቁ፦ ወይ ጣጣ! እጄ ከጨርቅ ሥር ባይሆን ይሄኔ ጨርሼው ነበር። ያቺን ቢጫ ምልክት ንካት። አገር ማሻገሪያ ናት፣ በነፃ። አገር ምረጥ ትልሃለች።

አዝጋሚው፦ ብርድ የሌለበት ይሁን?

ሊቁ፦ ሕግ የሌለበት ይሁን!

አዝጋሚው፦ እንግዲያው ይቺን ደሴት ልምረጥ። ዘንባባ አላት። (ቆም ብሎ) ግን አሁን እዚያ ሌሊት አይደል?

ሊቁ፦ ቢሆንስ?

አዝጋሚው፦ ተኝተው ከሆነ ማን ይከፍትልናል?

ሊቁ፦ በፈጠረህ! ተነስቶ በር የሚከፍት ሰው የለም፣ ማሽን ነው!

አዝጋሚው፦ እሺ፣ አትቆጣ። አንድ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ላንብብልህ፤ «ይህን አገልግሎት ሲጠቀሙ...»

ሊቁ፦ አታንብብ! ይሄን የሚያነብ ሰው አይተህ ታውቃለህ? «እስማማለሁ» በል።

አዝጋሚው፦ ተስማማሁ። «የስልክ ማውጫዎን እንድናይ...»

ሊቁ፦ ፍቀድ!

አዝጋሚው፦ «በስምዎ መልእክት እንድንልክ...»

ሊቁ፦ ፍቀድ ብዬሃለሁ! አንተን ይዞ የሚሻገር ሰው ኩሬም አይሻገር!

አዝጋሚው፦ የእናት ስም ይላል። የእኔን ነው ያንተን?

ሊቁ፦ ስልኩ የማን ነው?

አዝጋሚው፦ (እየጻፈ) አማቴ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ደግሞ «ሰው መሆንዎን እንድናረጋግጥ ፊትዎን ያሳዩ» አለ። ልላጭህና ይሁን?

ሊቁ፦ ሰው ነህ ወይ አሉኝ እንጂ ቆንጆ ነህ ወይ አላሉኝም። አንሳኝ!

አዝጋሚው፦ ወደ ቀኝ ዙር... ወደ ግራ... ጥርስህን አሳይ።

(ሊቁ ጥርሱን እስከ ድዱ ያሳያል።)

አዝጋሚው፦ አለፍን! «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የምሥራቹን ለወዳጆችዎ ሁሉ አድርሰናል» ይላል።

ሊቁ፦ ትህትና ነው፣ እለፈው። ጋዜጣውን ክፈት።

አዝጋሚው፦ ተከፈተ! ልጄን እያት! መቀሱን እንዴት እንደያዘችው! ትንሿን ጣት ወጣ አድርጋ፣ ልክ እንዳሳየኋት! ጽሑፉ... ኧረ! ዘንባባው መጥቶ ጽሑፉ ላይ ተኛበት!

ሊቁ፦ ማስታወቂያ ነው። ይነሳል።

አዝጋሚው፦ አይነሳም። ተመቸው መሰለኝ። (ስልኩ ይጠራል) እሷ ናት! ልጄ! (ጆሮው ላይ ያደርጋል) ሃሎ... አጎትሽ አይደለም፣ አባትሽ ነኝ። ደህና ነሽ?... የምን ፎቶ?... (ሊቁን ያየዋል) አዎ፣ እኔ ነኝ የላጨሁት። እንዴት አወቅሽ?... (እየሳቀ) «ወሬ ሲጀምር ግማሽ ላይ የሚያቆም አባቴ ብቻ ነው» ትላለች!

ሊቁ፦ የምን ፎቶ ነው የምትለው?

አዝጋሚው፦ ቆይ! ልጄ፣ ያ ጋዜጠኛ... ማን አስተማረሽ ሲልሽ... (ረጅም ጊዜ ያዳምጣል። በሊቁ ጨርቅ ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል) እሺ። እሺ የኔ እናት። ነገ እኔው እደውላለሁ።

ሊቁ፦ ምን አለች?

አዝጋሚው፦ «አባቴ ነው ያስተማረኝ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን አዝኖ የገባ ሰው ከእሱ ቤት አዝኖ አይወጣም» ብላ አስጽፋለች። ደስ አለኝ! በጣም ደስ አለኝ!

(ቶንዶሱን ያበራል። ከደስታው ብዛት እጁ እንደ መብረቅ ፈጥኗል።)

ሊቁ፦ ፎቶውስ? አንተ! የማን ፎቶ ነው? አናግረኝ እንጂ!

(አዝጋሚው እየላጨ ስለማያወራ አይመልስም። ግራውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ቶንዶሱን ያጠፋል።)

አዝጋሚው፦ ያንተ ነዋ። ማውጫህ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ተልኳል። ከሥሩ፣ ከእናትህ ስም ጋር፣ «እኔ ተሻግሬያለሁ፣ እናንተስ?» ይላል።

ሊቁ፦ ለኃላፊውም?

አዝጋሚው፦ ይኸው መልሶልሃል። ላንብብ ወይስ እንደ ቅድሙ ልፍቀድ?

ሊቁ፦ አንብብ!

አዝጋሚው፦ «ፎቶዎና የእናትዎ ስም ደርሶናል። መምጣት አያስፈልግዎትም።»

ሊቁ፦ ጉድ ሆንኩ! ሰርዘው! መረጃዬን አጥፉ ማለት በሕጉ መብቴ ነው!

አዝጋሚው፦ (ቢጫዋን ምልክት ይነካል) «ይቅርታ። ይህ መብት ሕጉ ባለበት አገር ላሉ ሰዎች ብቻ ነው። እርስዎ አሁን ደሴቱ ላይ ነዎት።»

ሊቁ፦ መልሰኝ! አገሬ መልሰኝ!

አዝጋሚው፦ «ለመመለስ ፊትዎን እንደገና ያሳዩ» ይላል። ወደ ቀኝ ዙር... ወደ ግራ... ጥርስህን...

ሊቁ፦ (ጥርሱን ገጥጦ) እህስ?

አዝጋሚው፦ «ይህ ሌላ ሰው ነው» አለ። እሱ የሚያውቀው ባለ ግማሽ ፀጉሩን ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ይዋጠኝ?

አዝጋሚው፦ (ጨርቁን እያራገፈ) ያለ ፓስፖርት መመለሱ ያስቸግራል አላልኩህም? በል፣ ፀጉርህ እስኪያድግ እዚያው ደሴትህ ላይ ቆይ። ሲያድግ ብቅ በል፤ ቀኙን ብቻ በነፃ እላጭልሃለሁ።